የእግር መቋሚያ

ስለ አገራችን የሚጽፉ ሰዎች ፀሐይዋን ሲያወድሱ አነባለሁ። አብዛኞቹ ነሐሴን ጋይንት ውለው አያውቁም። ከጉና ተራራ ግርጌ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ፀሐይ የሚያወራው ስለ ሩቅ ዘመድ እንደሚያወራ ነው፤ መኖሯን ያውቃል፣ በክረምት ደጁን ስትረግጥ ግን አያያትም። እኛ የምናውቀው በረዶ ነው። ከሰማይ እንደ ባቄላ የሚወርደውንም፣ መሬት ላይ ተጋግሮ የሚያድረውንም፣ በሥዕል ብቻ ያየነውን የፈረንጅ አገሩንም በአንድ ስም በረዶ እንለዋለን። ሊቃውንት ይህን የቋንቋ ድህነት ይሉታል። እኔ አልስማማም። ወድቆ ክንዱን የሰበረን ሰው በየትኛው ዓይነት በረዶ እንደ ወደቀ የሚጠይቀው የለም።

ክንዳቸውን የሰበሩት አባቴ ናቸው። ቄስ ነበሩ፤ ኮረብታ ላይ ባለችው ደብራችን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቀድሰዋል። ደብሯ ዙሪያዋን በድንጋይ ካብ የታጠረች ናት። ከቅጥሩ በር፣ ከደጀ ሰላሙ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሠላሳ እርምጃ የሚሆን፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈበት አቀበት አለ። ስንት ትውልድ በባዶ እግሩ እንደ ረገጠው እንጃ፣ ድንጋዩ እንደ ብርሌ ልሟል። በእኛ ደብር ጫማ የሚወልቀው ደጀ ሰላሙ ላይ ነው። እንደ ከተማው ተጫምቶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር መሄድ አይታሰብም። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ የኋላው ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ክረምት፣ በረዶ ወርዶ ባባራበት ቀን፣ አባቴን በዚያ ድንጋይ ላይ አዳለጣቸው። ደግፎ የያዛቸው ዲያቆን አብሮ ወደቀ። እሱ ተነሣ፤ የእሳቸው ግራ ክንድ ግን ተሰበረ። ወጌሻው አሽቶ አሠረው፣ ክንዱም ዳነ፤ የዳነው ግን ጎብጦ ነው። የደብሩ አለቃ ሊጠይቁ መጡና አልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ «ከእንግዲህ ክረምት ክረምቱን ቤትዎ ይጸልዩ» አሏቸው። በደግነት ይሁን በሌላ አላውቅም። ሁለቱ በልጅነታቸው እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር አብረው ድጓ የተማሩ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ አንዱ የተናገረውን ሌላው ሳያርም ውሎ አያውቅም። ያን ቀን ግን አባቴ አላረሙም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከስብራቱ ይልቅ ያ ዝምታ አስጨነቀኝ። ክረምት ከመቅደስ የቀረ ቄስ በጋም ሲመጣ ቀስ በቀስ እንደሚረሳ ሁለቱም ያውቁታል።

እኔ ያን ጊዜ ንፋስ መውጫ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርሁ፤ የንጉሡ ፎቶግራፍ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ በተሰቀለበት ክፍል ቆሜ የምውል፣ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ የማነብ፣ ባነበብሁት ሁሉ ከሰው የምከራከር ጎረምሳ። ጾም አልጾምም ነበር፤ አለመጾሜንም ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልግ ነበር። ከእኛ ጋር ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ትቶት በሄደው መጽሔት ውስጥ አንድ ሥዕል አየሁ። አንድ ሽማግሌ ድፍን ነጭ በሆነ ጎዳና ላይ እንደ ልቡ ይራመዳል። ከጎኑ ጫማው ለብቻው ጎልቶ ተሥሏል፤ ጫማው ላይ እንደ ካልሲ የሚጠለቅ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ሥር የብረት ጥርስ። ሲፈልጉ ያጠልቁታል፣ ሲፈልጉ ያወልቁታል። የሽማግሌውን ፊት ሳይ አለቃን ማሳፈር እንደሚቻል ገባኝ። ልጁ ለአባቱ አዘነ ብሎ የሚያነበኝ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ፤ መጀመሪያ የመጣብኝ እልህ ነው።

በዓመቱ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ የአሮጌ መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ይዤ አገሬ ገባሁና ማረሻና ማጭድ ወደሚሠራልን ቀጥቃጭ ሄድሁ። አራት አራት ጥርስ ያላቸው ሁለት ስስ ብረቶች እንዲያወጣልኝ መሬት ላይ ሥዬ አሳየሁት።

«ለበቅሎ ነው?» አለኝ።

«ለአባቴ ነው።»

«እሳቸውን ደግሞ ማን ሊጭናቸው ነው?»

«ማንም አይጭናቸውም። በበረዶ ላይ እንዲሄዱበት ነው።»

«እኔስ በበረዶ ላይ አይደል የምሄደው?» አለና ወናፉን ትቶ እግሩን አነሣልኝ። ጣቶቹ ተበታትነዋል፣ ተረከዙ እንደ ግንቦት መሬት ተሰነጣጥቋል። «ይኸውልህ ጥርስ! ያለ ብረት የበቀለ። ቄሱ ይኸን ያጡት አንተ ያን ሸራ ጫማ ካመጣህላቸው ወዲህ ነው።»

እውነቱን ነበር። ከንፋስ መውጫ ያመጣሁላቸው ሸራ ጫማ በጥቂት ዓመት ውስጥ የአባቴን እግር አለስልሶት ነበር። ሥልጣኔን የሚያወድሱ ሰዎች ይህችን ይዘሏታል፤ አንዱን ችግር ሊፈታ የመጣ ዕቃ ሌላ ችግር ይወልዳል፣ ለተወለደው ደግሞ ሌላ ዕቃ ይፈለግለታል። እኔም ይህን ዐውቄ ሌላውን ዕቃ ፈለግሁ። ቀጥቃጩ እየሳቀም ቢሆን ብረቶቹን ሠራልኝ። ከላስቲኩ ጋር በእርጥብ ጠፍር ሰፋኋቸው፤ ቆዳው ሲደርቅ ጨምድዶ ያዛቸው።

በፍልሰታ ጾም አጋማሽ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ በረዶ ወረደ። ሲያባራ ከጉና ጀምሮ እስከ ደጃችን ምድሩ ነጭ ሆኖ፣ ገብሱ ተደፍቶ ነበር። ወዲያው ከአለቃ መልእክት መጣ። በአባቴ ቦታ የሚቀድሱት ቄስ ለተዝካር ስማዳ፣ ወገዳ ድረስ ሄደው ወንዝ ሞልቶባቸው ቀርተዋል። ቅዳሴ ደግሞ ከአምስት ሰው ባነሰ አይቀደስም፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል። ዲያቆናቱ አሉ፤ ቄስ ግን አለቃ ብቻቸውን ናቸው። እህል ውኃ ሳይቀምሱ የዋሉ እናቶችና ሕፃናት ሊቆርቡ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ተጠልለው ይጠብቃሉ። መልእክቱ አጭር ነበር፦ «ቢችሉ ይምጡ፤ ባይችሉ ሕዝቡን እናሰናብታለን።»

«ባይችሉ የምትለዋን አለቃ ራሳቸው ናቸው የጨመሯት» አሉ አባቴ ከመደቡ እየተነሡ።

እናቴ በሩ ላይ ቆመች። «አንድ ደህና ክንድ ቀርቶልኛል፤ እሱንም ሊሰብሩብኝ ነው?»

«አይሰበሩም» አልሁ እኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና ከበሩ ዘወር አለች። ከዚያች ቃል በኋላ፣ አባቴ ቢወድቁ የሚወድቁት በእኔ ነው።

መንገዱ ላይ ነገሩ ከጠበቅሁት በላይ ሠራ። ሸራ ጫማቸው ላይ የተጠለቀው ብረት በረዶውን ቅርጭ ቅርጭ እያደረገ ይነክሰዋል፤ እኔ ከኋላ በቆዳ ጫማዬ ሁለት ጊዜ ቁጢጥ ብያለሁ። አባቴ ዘወር ብለው አዩኝ።

«ፈረንጅ ይኸን ያህል ይወድቃል እንዴ?»

«እንዴት?»

«አይ፣ ብልኃቱን ሳይ ጊዜ ብዙ የወደቀ ሰው ይመስለኛል።»

ደጀ ሰላሙ ደረስን። አባቴ መቃኑን ተሳለሙ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፣ ሸራ ጫማቸውንም አወለቁ። ጫማው ላይ የተጠለቀው ብረት ከጫማው ጋር አብሮ ወለቀ። ሁለታችንም እጃቸው ላይ ያለውን አየን፤ ከዚያ ቀና ብለን አቀበቱን አየን።

መጽሔቱ ሽማግሌው ወዴት እንደሚሄድ አልጻፈም። ወደ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን የሚሄደው፣ በአገሩ ልማድ ተጫምቶ ይገባል። እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ፣ በዚያች ድንጋይ ላይ ስንት ጊዜ ተንሸራትቼ ሳለ፣ ዋናው የሚያዳልጥ ቦታ ጫማ ከሚወልቅበት ወዲያ መሆኑን አላሰብሁም። ስንት መጽሐፍ አንብቤ ይህችን ያጣሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ራሴን አዋቂ ነኝ ማለት ሲቃጣኝ ያችን ደጀ ሰላም አስታውሳለሁ።

ዲያቆናቱ በረዶውን ጥቂት ጠርገው ሞክረው ነበር፤ ከሥሩ የወጣው እርጥብ ድንጋይ ከበረዶው ሲብስባቸው ተዉት። አመድ እንዳይነሰነስ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አመድ የሚደፋ ማን ደፋር ነው?

«ተሸክመን እናስገባዎት» አልሁ።

«ተሸክመው የሚያስገቡኝ ቀን አለ» አሉ። «አንተን ምን ያስቸኩልሃል?»

ጎንበስ ብዬ ላስቲኩን ከሸራው ላይ ገፈፍሁና በባዶ እግራቸው ላይ አጠለቅሁት። ብረቱ የውስጥ እግራቸውን ሲነካው ከቅዝቃዜው የተነሣ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ተነሥተው ሁለት እርምጃ እንደ ወጡ ከላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር፣ የአለቃ ድምፅ መጣ።

«አንቱ! ምንድን ነው ያ በእግርዎ ያለው? ጫማ ነው?»

«ጫማዬማ ይኸውና፣ ልጄ ይዞት ቆሟል፤ አይታይዎትም?»

«ታዲያ ይኸ ምንድን ነው?»

አባቴ ቆሙ። አንድ እግራቸው ከፍ ባለው ድንጋይ ላይ ነበር። ሲያስቡ ከኋላቸው አየኋቸው፤ በልጅነቴ ሲቀኙ እንዳየኋቸው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«መቋሚያ ነው» አሉ።

አንባቢ እንደሚያውቀው መቋሚያ ካህናት በማኅሌት ሲቆሙ የሚደገፉት ዘንግ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ማንም ከደጅ አኑሩት አይላቸውም።

«መቋሚያ በእጅ ነው የሚያዝ!» አሉ አለቃ።

«እጄንማ ባለፈው ክረምት እዚሁ ሰበርሁት። ዘንድሮ በእግሬ ያዝሁት።»

ከዲያቆናቱ አንዱ ሳቁን በነጠላው አፈነ። አለቃ አልሳቁም፤ ጉዳዩን እንደ ፍርድ ያዙት።

«ጣት ይሸፍናል?»

«ቢሸፍን ምነኛ በወደድሁ። ይኸው ጣቴ እየጠቆረ ነው።»

«ተረከዝ አለው?»

«ከራሴ ተረከዝ በቀር የለውም።»

አለቃ ጥግ ጥጉን የተኮለኮሉትን እናቶች አዩ። ቀጥለው ሰማዩን አዩ። «እንግዲያው ጫማ አይደለም» አሉ። «ነገር ግን መቋሚያ ከሆነ ቅኔ ማኅሌት ይቀራል እንጅ መቅደስ አይገባም!»

«መቅደሱ ደረቅ ነው፤ እዚያ ምን ያደርግልኛል?»

አባቴ መውጣት ጀመሩ። እርምጃቸውን እቆጥር ነበር። ሃያ ሰባተኛውን እንዳለፉ የግራ እግራቸው ላስቲክ ዞረ፤ ብረቱ ወደ ጎን ሆነ፣ እግራቸው ራቁቱን ድንጋዩ ላይ ቀረ። ቆሙ። ሸራ ጫማውን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ፣ የማልጸልየው ሰው ምን እንዳልሁ እኔና የሰማኝ እናውቃለን። ያን ጊዜ አለቃ በባዶ እግራቸው፣ አንድ እጃቸው የበሩን መቃን እንደ ያዘ፣ ሁለት ድንጋይ ወረዱና መቋሚያቸውን ዘረጉላቸው።

«ይያዙ!»

«በየትኛው ክንዴ?»

«በጎባጣው! ለመያዝ የተሠራ ይመስላል!»

ያዙት። ገቡም። ትንሽ ቆይቶ ቅዳሴው ሲጀመር ሰማሁ፤ ከሁለቱ ቄሶች የአባቴ ድምፅ ነው ከፍ ያለው። እኔ ቁርሴን በልቼ ስለ ነበር ደጀ ሰላሙ ሥር ባዶ ጫማ ታቅፌ ቆምሁ።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ በረዶው አልሟሟም ነበር፤ ጉና ደመናውን ጭኖብን ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች መጨረሻ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። አባቴ ብረቶቹን በእጃቸው ይዘዋል።

«መቋሚያ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው» ሲሉ ሰማሁ አለቃን። «ከዚህ አይወጣም።»

«እኔስ በምን ልወርድ ነው?»

«እኔስ በምን ስወርድ ኖርሁ? አንድ ዓመት ነው የሚበልጡኝ። እርስዎ ሲወድቁ ሁሉ ሰው አየ፤ እኔ ስወድቅ ግን ማንም አላየኝም።»

ይህን አባቴም ከዚያ በፊት ሰምተውት የሚያውቁ አይመስለኝም። ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ አሉ፣ አንዱን በቀኝ እግራቸው አጠለቁ፣ ሁለተኛውን ለአለቃ ሰጧቸው። አለቃም በግራ እግራቸው አጠለቁት። ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ብረቱን በውጭ በኩል አድርገው መውረድ ጀመሩ።

ሥዕሉን ያየሁት እኔ ነኝና አላስቻለኝም። «አባባ! በአንድ እግር አይሆንም! የሚሠራው ጥንድ ሲሆን ነው!» ብዬ ጮኽሁ።

«ዝም በል አንተ» አሉኝ አባቴ፣ ዓይናቸውን ከድንጋዩ ሳያነሡ። «ጥንድ ነን።»

ሲወርዱ አለቃ አባቴ ያዜሙትን አንድ ቦታ አረሟቸው፤ አባቴም አራሚውን መልሰው አረሙ። ክርክሩ ሳያልቅ ደጀ ሰላሙ ደረሱ። አባቴ ብረቱን አውልቀው ለአለቃ አስረከቡ፣ ሸራቸውን ከእጄ ተቀብለው ተጫሙ። ስንለያይ አለቃ የነገው ቅዳሴ በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ነገሯቸው። ባይችሉ የምትለዋን አልጨመሩባትም።