ቦርሳቸውን የተቀበሏቸው ቀን

ሲልቨር ስፕሪንግ ባስ ስጠብቅ፣ ካቶሊክ ምዕመናን የመቁጠሪያ ጸሎት እያደረሱ በእግር አለፉ። ከመካከላቸው የመጣው የቪክስ ቅባት ሽታ ልጅነቴን ቀሰቀሰብኝ።

ጎረቤታችን እማማ ወለላም እግራቸውን ቪክስ ተቀብተው ነበር የሚጓዙት። ልጃቸው አገር ቤት ሆስፒታል ተኝቶ፣ እንዲድንላቸው ሊለምኑ ሲነሱ፣ እኔና እናቴ ከሌሎች ጎረቤቶች ጋር እዚሁ አቅራቢያ ካለችው አሌክሳንድሪያ እስከ እመቤታችን ቤተክርስቲያን ሁለት ቀን በእግር አብረናቸው ሄድን።

በሁለተኛው ቀን ለእናቴ ከአገር ቤት ደወሉላት። እማማ ሳይሰሙ ለሌሎቹ፣ «ልጁ አርፏል» አለቻቸው። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። የእማማን ቦርሳ ተቀበሏቸው፤ ክንዳቸውንም ደገፉ።

«ማሚ፣ ዋት ሃፕንድ? ምን ሆነ?» አልኳት።

«ዝም ብለሽ ሂጂ።»

ቤተክርስቲያኑ ደጃፍ ስንደርስ ሁሉም አለቀሰ። እማማ ብቻ ጎንበስ ብለው ካበጠ እግራቸው ላይ ጫማቸውን አወለቁ። እናቴ ልትነግራቸው ስትጠጋ ቀደሟት።

«ቦርሳዬን ስትቀበሉኝ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ እማማ?» አለች እናቴ።

«እስክደርስ ድረስ እንኳ በሽተኛ ሆኖ ይቆየኝ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ባሱ መጣ፤ አልተሳፈርኩም። ከተጓዦቹ መካከል ቦርሳዋን ሰው የያዘላት ሴት ትኖር እንደሆነ፣ በዓይኔ እየፈለግኩ ቆምኩ።