በሩን ለምን እንደከፈተች

ዛሬ ባጃጅ የሚነዱት፣ ሱቅ የከፈቱት፣ ልጅ የወለዱት የሸዋ ሮቢት ወጣቶች ያንን ፊልም በቃላቸው ያውቁታል። የሚያውቁት ግን ፊልሙን አይደለም፤ የቀድሞ ባሌን ድምፅ ነው።

ያኔ ከአውራ ጎዳናው ጀርባ የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ይሄዳል፤ እሱ ማይክ ይዞ ከጎን ቆሞ በአማርኛ ያወራዋል። ድምፁ ጥሩ ነበር፣ ይህን አልነፍገውም። እንግሊዝኛ ግን አያውቅም። የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ አስተማሪ ነበርኩና። አዲስ ፊልም ሲመጣ መጀመሪያ ቤታችን ውስጥ አብረን እናየዋለን። እኔ እያስቆምኩ ንግግሩን እነግረዋለሁ፣ እሱ ይይዘዋል፣ በማግስቱ ሰው ፊት ከራሱ እንዳመነጨው አድርጎ ይለቀዋል። «ይሄ ሰው እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው» ይሉት ነበር። እሱም ፈገግ ይላል። ማን እንደሚቀዳለት የጠየቀ የለም።

ፊልሙ ከምድር ርቆ ባለ ዓለም ላይ ስለሚኖሩ ትንፋሽ ጠባቂዎች ስለሚባሉ ተዋጊዎች ነው። ኃይላቸው በትንፋሻቸው ውስጥ ነው። አንዱ ትንፋሹን ከያዘ የሚወድቅ መንኮራኩር አየር ላይ ይቆማል። ወደ ማኅበሩ ሲገቡ፣ የምሽጉን በር ያለ ጉባኤው ፈቃድ ላይከፍቱ ይምላሉ። ከመካከላቸው አንዲት ሽበታም ሴት አለች፤ የሁሉም አስተማሪ። ጠላት ምሽጉን በከበበ ጊዜ በሩን የምትከፍተው እሷ ናት።

ለምን እንደከፈተች ፊልሙ ውስጥ ግልጽ ነው። ከበሩ ውጭ የቀሩ ቁስለኞች አሉ፤ ጉባኤው እዚያው ይሙቱ ብሏል። እሷ ጉባኤው ፊት ቆማ «መሐላውን የማልነው ሰው ለማዳን ነው» ትላቸዋለች። ከዚያም በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም እያያት፣ ሄዳ በሩን ትከፍተዋለች። ቁስለኞቹ ይገባሉ። ይህንን ለባሌ ሁለቴ ነገርኩት። ሁለቴ ያስደገመኝ ስላልገባው አልነበረም፤ ስለወደደው ነው።

ፊልሙ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ሳይታይ በፊት ተለያየን። ለምን እንደተለያየን እዚህ አልጽፍም። የማልጽፈው ግን አፍሬ አይደለም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እሱ ያለውን ሁሉ ተናግሮ ጨረሰና ተራው የእኔ ሲሆን፣ ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጠው፣ የእሱ አጎት፣ እጆቹን ዘርግቶ መረቀ። ሁሉም «አሚን» አለ። በእኛ አገር ከምርቃት በኋላ ነገር አይነሳም፤ የሚያነሳ ሰው ምርቃቱን እንደረገጠ ይቆጠራል። እኔም «አሚን» አልኩና የምናገረውን አፌ ውስጥ እንዳለ ይዤ ተነሳሁ።

በዚያው ሰሞን፣ በገበያ ቀን፣ ማሾ ልገዛ በቪዲዮ ቤቱ በኩል ሳልፍ ሞንታርቦው ውጭ ተሰቅሏል። የሚያልፈው ሰው ሰምቶ እንዲገባ ሁልጊዜ ይሰቅለዋል። ድምፁን ሰማሁ። «እዩዋት ይህችን አሮጊት! የበላችበትን ቤት ከድታ በሩን ለጠላት ሸጠችው። እንዲህ ናት፣ ወላሂ፣ ሴት ካወቀች!» ውስጥ ያለው ሰው በሳቅ ፈነዳ። ፊልሙ የሚያስቅ ቦታ ላይ አልነበረም። መንገድ ላይ ያገኘችኝ ጎረቤቴ ሻርፗን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ የሚሳቀው በእኔ እንደሆነ ገባኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «በር ከፋቿ» ሆነ። ክፍል ስገባ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በር ተስሎ ይጠብቀኛል። አጠፋዋለሁ፣ የዕለቱን ትምህርት እጽፋለሁ። ማን ሳለው ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። የእያንዳንዳቸውን እጅ አውቀዋለሁ፤ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያጋጥሙኝ ማን ማን እንደሆነ አልረሳሁም።

ዘንድሮ የፊልሙ ተከታይ ክፍል መጣ።

የእህቴ ልጅ ጁስ ቤት አላት። አጣዬ የነበረው ቤቷ ሲቃጠል ወደ እኔ መጥታ፣ እዚሁ ሮቢት እንደገና ጀመረች። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ወጣቶቹ ቬንትሌተሩ ሥር ይሰበሰባሉ። እኔ ጥግ ላይ ፓፓዬዬን ይዤ እቀመጣለሁ። ተከታዩን ክፍል በየስልካቸው፣ ቋንቋውን ሳይሰሙ፣ ምስሉን እያዩ ብቻ ጨርሰውታል። ክርክሩም የሚነሳው ከዚህ ነው።

«ፊልሙን አበላሽተውታል» አለ ባለባጃጁ። «ያችን ከሃዲ መልሰው አምጥተው አለቃ አደረጓት። ማኅበሩ እንዳለ ተንበረከከላት።»

«ተጸጽታ ተውበት አድርጋ ይሆናላ» አለ መድኃኒት ቤት የሚሠራው ልጅ።

«የት ላይ? አንድ ቦታ አንገቷን ስትደፋ አይተሃል? ይቅርታ የሚጠይቃት እኮ እነሱ ናቸው የሚመስሉት።»

«አንተ ደግሞ ትንፋሽ ጠባቂ ሆነህ የማልክ ነው የምትመስለው።»

«ካንተ እኔ እሻላለሁ። መቼ ሲጋራህን ትተህ ነው አንተ ትንፋሽ የምትይዘው?»

«አስተማሪያቸው ናት» አለች የእህቴ ልጅ ከመፍጫው ጀርባ። «ተማሪ ለአስተማሪው ቢንበረከክ ምኑ ይገርማል?»

«አንቺ ማንጎሽን ፍጪ።»

«እፈጫለሁ። አንተን ግን በባዶ ብርጭቆ አላስቀምጥህም፤ ወይ እዘዝ ወይ ውጣ።»

ሳቁ። ባለባጃጁ አዘዘና «ለማንኛውም ሀጂን እንጠይቃቸው» አለ። ሀጂ የሚሉት የቀድሞ ባሌን ነው። ሐጅ አድርጎ ከተመለሰ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ከአስር ሰላት መልስ እየመጣ የበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን ጽሑፉ የእኔ ነው።

መጣ፣ ጠየቁት። ጢሙን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ፈረንጅ ከሃዲ ይወዳል፤ ሌላ ሚስጥር የለውም» አለ። ቀጥሎም፣ ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ ተሰብስበው ፊልሙን በትልቁ ቴሌቪዥን ቢያዩት፣ እንደ ድሮው ማይክ ይዞ ራሱ እንደሚያወራላቸው ቃል ገባ። ባለባጃጁ በደስታ ጠረጴዛውን መታው። የእህቴ ልጅ ወደ እኔ አየች። እኔ ብርጭቆዬን አየሁ።

ያ ሰው ያንን ማይክ ሁለተኛ ቢይዝ፣ እነዚህ ልጆች ደግሞ ለልጆቻቸው ያወርሱታል፤ እኔም ከሃዲ ሆኜ እቀበራለሁ። እንደማልተወው ያወቅሁት እዚያው ወንበሩ ላይ ነው። ቤት ስንገባ የእህቴን ልጅ የድሮውን ፊልም በፍላሽ እንድታመጣልኝ ጠየቅኋት።

«ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ከአዲሱ በፊት የበሩን ቦታ ትከፍቺልኛለሽ።»

«እትዬ፣ ተይ። ሀጂ ይቀየሙኛል፣ ደንበኛዬ ናቸው።»

«የኔ ባል ነበር፤ ከእኔ ይልቅ አንቺን ይቀየማል? ክፈቺልኝ ብቻ።»

ቅዳሜ ቤቱ ጢም አለ። ወንበር ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እሱ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ማይኩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ፊት ለፊት ተቀመጠ። የእህቴ ልጅ ፍላሹን ስትሰካ የድሮው ፊልም መጣ፤ ምሽጉ፣ ጉባኤው፣ ሽበታሟ ሴት። «ኧረ ይሄ አሮጌው ነው» አለ አንዱ። እኔ ከጥጌ ተነሳሁ።

«አሮጌው ነው። አንዴ ስሙት» አልኩ።

የጉባኤው አለቃ ሲናገር፣ እንደ ድሮው እያስቆምኩ፣ «'ውጭ ያሉት ይሙቱ' ነው የሚለው» አልኳቸው። ሴቲቱ ስትመልስ፣ «'መሐላውን የማልነው ሰው ለማዳን ነው' አለችው» አልኩ። ወደ በሩ ስትሄድ ምንም ማለት አላስፈለገኝም። ቁስለኞቹ በቃሬዛ ሲገቡ ሁሉም አየ። ልጅ ሆነው ሲያዩትም እነዚያው ቁስለኞች ይገቡ ነበር፤ ግን ጠላት ነው የገባው ስለተባሉ ጠላት አድርገው አዩዋቸው።

«እውነት እንደዚያ ነው የምትለው፣ እትዬ?» አለ ባለባጃጁ።

«እውነታቸውን ነው» አለ የመድኃኒት ቤቱ ልጅ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሮጌውን እኔም በስልኬ እንደገና አይቼው ነበር። ሀጂን ማሳፈር ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

ያን ጊዜ የቀድሞ ባሌ ማይኩን አስቀምጦ እጆቹን ዘረጋ። «እንግዲህ ልጆቼ፣ ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም። አላህ ፍቅር ይስጣችሁ፣ አላህ…»

የግማሹ ሰው መዳፍ ወዲያው ተከፈተ። ልማድ ነው፤ የእኔም እጅ ከጎኔ ሊነሳ ሲል ያዝኩት።

«ሀጂ፣ ምርቃቱ ይቆየን» አልኩ። «ነገሩ አላለቀም።»

የተከፈቱት መዳፎች እንደተከፈቱ ቆዩ፤ ወደ ፊት ይመለሱ ወይስ ይውረዱ፣ ባለቤቶቻቸው አላወቁም።

«ይህች ሴት…» ብሎ ጀመረ።

«ይህች ሴት ይህንን ቦታ ሁለቴ ነግራዎታለች። ሁለቴ አስደግመዋታል። የቤታችን መስኮት ሥር፣ ፊልሙ ለሰው ከመታየቱ በፊት። ረስቼዋለሁ ካሉ እዚሁ ይበሉ።»

አላለም። ባለባጃጁ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። «እንግሊዝኛውን…» አለና ተወው። ቀስ ብሎ መዳፉን አወረደ። ከዚያ ሌላውም አወረደ። የቀድሞ ባሌ ብቻ እጆቹን ፊቱ ላይ አሳለፋቸው፤ «አሚን» የሚለው ሰው አልነበረም።

ማይኩን አነሳሁትና ተከታዩን ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ድምፄ እንደ እሱ አያምርም፤ ከረጅም ንግግር በኋላ ይሰነጠቃል። ማኅበሩ ለሽበታሟ ሴት በሚንበረከክበት ቦታ ላይ ይቅርታ የሚጠይቁት እነሱ መሆናቸውን ስነግራቸው ባለባጃጁ ጓደኛውን በክርኑ ጎሸመ። ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ ሌላ ክርክር ተጀመረ። የቀድሞ ባሌ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ አየ። ይህንንም አልነፍገውም።

በማግስቱ ያው ባለባጃጅ አጠገቤ አቁሞ «በር ከፋቿ እትዬ፣ ይግቡ ላድርስዎት» አለኝ፣ እያከበረኝ መሆኑ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለ ሰሌዳው ላይ በር ይስል ከነበሩት አንዱ እሱ ነው፤ እጀታውን ሁልጊዜ በግራ በኩል ነበር የሚያደርገው። «ያ ስም በክፉም በደግም አይጠራ» አልኩት። «ቲቸር በለኝ።» «እሺ ቲቸር» አለ። ገባሁ።

ባለፈው ሳምንት የቀድሞ ባሌ ሽማግሌ ልኮብኛል። አጎቱ ሞቷል፤ የመጡት ሌሎች ናቸው። በሽምግልናችን ዘመን ቂም ይዘን አንሙት፣ ይቅር እንባባል ይላል አሉኝ። አስቀመጥኳቸው፣ ውሃ አቀረብኩላቸው። «እመጣለሁ» አልኳቸው። «ግን መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ። ተናግሬ እስክጨርስ ማንም እጁን አይዘረጋም። ምርቃቱ ከዚያ በኋላ ነው።»

ተያዩ። እንነግረዋለን ብለው ሄዱ። እስካሁን ቀን አልቆረጡም። የምናገረውን ግን እያንዳንዱን ቃል አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ።