በሕግ አምላክ የቆመው ተከላካይ

አስማረ መከላከልን የተማረው ከጎማ ነው። የቁስቋም ሰው ነው፤ ጎንደር ፒያሳ ባለ ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲያወልቅና ሲለጥፍ ጎረመሰ። አንድ ቀን የጭነት መኪና ጎማ አምልጦት ቁልቁል ሲንደረደር ከፊቱ ቆሞ ሊይዘው ሞከረና ክንዱ ተሰበረ። ያኔ ጥበቡ ገባው። የሚንከባለል ጎማ ከፊት አይገጥሙትም፤ ጎን ለጎን እየሮጡ በትከሻ ገፋ ገፋ እያደረጉ ወደ አጥር ያስጠጉታል እንጂ። ኳስ ሜዳ ሲገባ አጥቂዎችን ሁሉ እንደዚያ አደረጋቸው። ሳይመታ፣ ሳይጠልፍ፣ ዝም ብሎ ወደ መስመሩ ይሸኛቸዋል።

ዘመኑ ደርግ ነበር። አውራጃዎቹ በየዓመቱ ጎንደር ላይ ይጋጠማሉ። ከዚያ አሥራ ስምንት ሰው ለክፍለ ሀገሩ ይመረጥና አዲስ አበባ ወርዶ ይወዳደራል። አስማረ ለጎንደር አውራጃ ሦስት ዓመት ተሰልፎ ሦስቱንም ዓመት ስሙ ሳይጠራ ቀረ። በአራተኛው ዓመት የጎሚስታ ቤቱ ባለቤት ቁርጡን ነገሩት።

«ዘንድሮ ከተመረጥህ ሂድ፤ እኔም ጎንደሬ ነኝ፣ ደስ ይለኛል። ካልተመረጥህ ግን ኳሱ ይብቃህ። ጎማ አንተን እየጠበቀ አይነፋም።»

የመጨረሻው ጨዋታ ከወገራ አውራጃ ጋር ሆነ። መራጮቹ ከፊት ወንበር ተደርድረዋል። ወገራዎች ፋንታሁን የሚባል የዳባት ልጅ ነበራቸው፤ ሲሮጥ እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም። አስማረ ግን ቀኑን ሙሉ በትከሻው እየሸኘ መድረሻ አሳጣው። ባዶ ለባዶ ሆነው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀር ፋንታሁን ኳስ ይዞ አፈተለከ። አስማረ ደረሰበት። ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። ፋንታሁን እንደተበላ ሲያውቀው ጮኸ፦

«በሕግ አምላክ!»

አስማረ እንደ ችካል ቀጥ አለ።

ምን ያድርግ? አባቱ ጠዳ ገበያ ላይ ከሰው ተጣልተው ዱላ ሲያነሱ፣ አንዲት የማያውቋት ሴት ከሩቅ በሕግ አምላክ ብትላቸው ዱላቸውን ያወረዱ ሰው ናቸው። «ሕግ ተጠርቶበት የማይቆም ከአውሬ በምን ይለያል?» እያሉ ነው ያሳደጉት። ነገሩ ከእግሩ ገብቷል፤ ልቡን ሳያማክር ቆመ። ፋንታሁን ግን አልቆመም። ብቻውን ሄዶ አገባት። ዳኛው ሩቅ ስለነበሩ ጩኸቱን አልሰሙም፤ ጎሉ ጸደቀ፤ ጎንደር ተሸነፈ።

«ጎማው ተነፈሰ!» አለ አንዱ ከተመልካቹ።

«የስኳር ሰልፍ መስሎት ነው የቆመው!» አለ ሌላው።

አሠልጣኙ ዓለምነው የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ፊታቸው ጠቁሮ ጠበቁት።

«ምነው ቆምህ?»

«በሕግ አምላክ አለኝ፣ ጋሼ።»

«እዚህ ሜዳ ላይ ሕጉ ፊሽካው ነው!» አሉና ጀርባቸውን ሰጡት።

ስም የሚጠራው በሦስተኛው ቀን ነበር። በሁለተኛው ቀን አስማረ ተስፋውን ቆርጦ ጎማ ሲለጥፍ ከዳባት አውቶቡስ የወረዱ አንድ ሽማግሌ ዘንጋቸውን ይዘው ከደጃፉ ቆሙ። ከኋላቸው ፋንታሁን አንገቱን ደፍቷል።

«አስማረ የምትባል አንተ ነህ? በላቸው እባላለሁ፣ የዚህ አባት ነኝ። ሕግ ጠርቶ አቁሞህ ነው ያገባው አሉኝ። እውነት ነው?»

«ኳስ እኮ ነው፣ አያ በላቸው። ምንም አይደል።»

«ኳሱን አላውቀውም። በሕግ አምላክን ግን አውቀዋለሁ። ጦር የተማዘዘ ሰው እንኳ በዚህ ቃል ይገላገላል። እናንተ መጫወቻ ካደረጋችሁት ነገ ሰው ሲጋደል በምን እናስቁመው?»

ፋንታሁን ወደ ፊት ወጣ። መኪና እንዳይንሸራተት ለታኮ የተቀመጠውን ድንጋይ ብድግ አድርጎ እንደ አገሩ ወግ ትከሻው ላይ ጫነና ጎንበስ አለ።

«ይቅር በለኝ።»

አስማረ ድንጋዩን ተቀበለው። «ይቅር ለእግዜር። ደግሞስ በዚህ ድንጋይ የቆመ የጭነት መኪና ቢኖር ኖሮ ጨርሰኸን ነበር!»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ግን አልተመለሱም። ሁለቱንም እየነዱ መራጮቹ ዘንድ ገቡ። ፋንታሁን ያደረገውን በአፉ ተናገረ።

«ውጤት አይቀየርም፣ አባት» አለ አንዱ መራጭ።

«ዋንጫውን ማን ጠየቀህ? የዚህን ሰው ስም በከንቱ እንዳታጠፉት ነው የመጣሁት።»

«ተከላካይ ቁም ሲሉት የሚቆም ከሆነ አዲስ አበባ ወስደን ምን እናደርገዋለን?»

ለአስማረ ራሱ ጥያቄው እውነት መሰለው። ስለ ተጫዋቾቻቸው ሊጠየቁ ተጠርተው የነበሩት አሠልጣኙ ዓለምነው ከጥግ ተነሡ።

«ይህ ሰው በአራት ዓመት አንድ የፍጹም ቅጣት ምት አላሰጠብንም። ሰው ጠልፎ አያውቅም። ያኔም ሕግ ይዞት ነበር፤ ሒሳቡን ያልደመርሁት እኔ ነኝ። የቀረውን አስተምረዋለሁ።» ወደ አስማረ ዞሩ። «ስማ፤ ከእንግዲህ በሕግ አምላክ ሲሉህ መጀመሪያ ኳሷን ወደ ውጭ ጠልዛት። ከዚያ ቁም።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«ሸጋ ፍርድ!» አሉ አያ በላቸው።

በማግሥቱ ስም ሲጠራ ፋንታሁን ሰባተኛ፣ አስማረ አሥራ ስምንተኛ ሆኑ። መጨረሻም ቢሆን ተጠራ። የጎሚስታ ቤቱ ባለቤት አዲስ ጫማ ገዝተው ሸኙት።

ስምንት ዓመት ለክፍለ ሀገሩ ተጫወተ። አዲስ አበባን፣ ድሬዳዋን፣ ጅማን በኳስ አየ። አሸነፈም፣ ተሸነፈም፤ ጉልበቱ እስኪደክም ድረስ ግን ሰው አልሰበረም። በየፋሲካው ዳባት ይወጣና የአያ በላቸውን ጉልበት ስሞ ይመለሳል። «እኔን ሰው ያደረጉኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከዳባት መጡልኝ፣ አንዱ ከጥግ ተነሡልኝ» ይላል።

የመጨረሻ ጨዋታውን ጎንደር ላይ አደረገ። ሊያልቅ ሲል አንድ አጥቂ አምልጦ ሲነጉድ አስማረ በደከመ ጉልበቱ ተከተለው። ሕዝቡ ታሪኩን ያውቃል፤ ሜዳው ሙሉ በአንድ አፍ እየሳቀ ጮኸ፦

«በሕግ አምላክ!»

አስማረ ደረሰ፤ በትከሻው ገፋ አደረገና ኳሷን ከአጥሩ ማዶ ጠለዛት። ከዚያም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አሠልጣኙ ወደተቀመጡበት ዞሮ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።