ማስክ የሌለው ይመለስ

ይህ የሆነው በኮሮና ምክንያት ለወራት ተዘግተው የከረሙት ትምህርት ቤቶች እንደገና በተከፈቱ ሰሞን ነው። ዓመታት አልፈዋል። ግን በዚያ ሰሞን አልፈርምም ያልኩት አንድ ወረቀት ነበር፤ ዘንድሮ ተመልሶ ፊቴ ስለተዘረጋ ነው ታሪኩን ለመጻፍ የተነሳሁት።

የምሠራው ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ የሠርግ ጥሪ አሳምራለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። የሰው ጽሑፍ ሳይ ደግሞ እጄ አያርፍም፤ የላላ ዓረፍተ ነገር ካየሁ ሳልጠየቅ አጠብቀዋለሁ። ጣጣውን ያመጣብኝም ይኸው አመል ነው።

ታናሽ እህቴ ቤዛ ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር፤ አራተኛ ክፍል። እናታችን አየር ጤና አንድ ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት ትሠራለች። እዚያ ያየችው ነገር ስላለ በማስክ ቀልድ አታውቅም። ለቤዛ ሁለት የጨርቅ ማስክ ሰፍታ፣ ከሌላ ልጅ እንዳይቀያየር ብላ ጠርዛቸው ላይ በቀይ ክር ምልክት አድርጋለች። ማታ አንዱን ታጥባለች፣ ጠዋት ሌላውን ታደርግላታለች።

ቤዛ የምትማርበት ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ዳይሬክተሩ ማስታወቂያ ሊያስተይቡ መጡ። በእጅ የጻፉት ረቂቅ "ተማሪዎች በተቻለ መጠን የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አድርገው እንዲመጡ እናሳስባለን" ይላል። ሳነበው ሳቄ መጣ።

"ጋሼ፣ ይኼን ማን ያነበዋል? ልጆች በቃላቸው የሚይዙት ነገር ይሁን እንጂ" አልኳቸው።

እሳቸው ቆመው እየጠበቁኝ ይቺን ጻፍኩ፦

ማስክ ያለው ይግባ፣ የሌለው ይመለስ፣
ፊቱን ሸፋፍኖ እስኪመጣ ድረስ።

"አንቺ ልጅ፣ ገጣሚ ነሽ'ኮ!" ብለው ሳቁ። በትልልቅ ፊደል አትሜ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ሄጄ በሩ ላይ ተለጥፎ ሳየው ከእኔ በላይ ሰው አልነበረም። ግጥሜ ከቤት ወጥቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የመጀመሪያው ነበር።

ጥበቃው ጋሽ ወልዴ "በተቻለ መጠን" የሚለውን አላነበቡም። እሳቸው ያነበቡት የእኔን ነው። "የሌለው ይመለስ" ይላል፤ መለሱ። ልጆቹ ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ በቃላቸው ያዙት። አንድ ልጅ ከበር ሲመለስ ከውስጥ ያሉት እያጨበጨቡ "የሌለው ይመለስ! የሌለው ይመለስ!" ይሉ ጀመር። ቤዛም ቤት ውስጥ ስትዘፍነው ሰምቻታለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ደስ ነበር ያለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቤዛ ቦርሳዋን እንደተሸከመች ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆመች። አፏን በሹራቧ እጅጌ ይዛዋለች። ማስክ የላትም።

"የት አባሽ ጣልሽው?"

እጅጌዋን ከአፏ አላነሳችም።

"ቤዛ፣ ጠዋት እማዬ ስታደርግልሽ አይቻለሁ። ማን ወሰደብሽ?"

"ማንም። ራሴው ነኝ" አለችና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

በነጋታው በሌላኛው ማስክ ራሴ አደረስኳት። እሷ ከገባች በኋላ መሄድ ትቼ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁ። የትምህርት ቤቱ አጥር ቆርቆሮ ነው፤ ከመጸዳጃ ቤቱ በኩል አንዱ ቆርቆሮ ከታች ተላቅቋል። ከውጭ አንዲት ቀጭን ልጅ ተንበርክካለች። ከውስጥ አንዲት ትንሽ እጅ ማስክ ይዛ ወጣች። ጠርዙ ላይ ቀይ ክር አለበት። ልጅቷ አደረገችውና ዞራ በዋናው በር፣ በጋሽ ወልዴ ፊት፣ ኮራ ብላ ገባች። ከኋላዋ ሌላ ልጅ ተንበረከከ። ለእሱ ደግሞ ከውስጥ ሌላ እጅ ሌላ ማስክ አወጣለት።

ነገሩ ገባኝ። የእኔ ግጥም የመለሳቸውን ልጆች፣ ውስጥ ያሉት ልጆች በማስክ ፈረቃ ያስገቧቸው ነበር። ቤዛ በፊተኛው ቀን የተባረረችው፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ቀጭኗ ልጅ፣ ረድኤት፣ ደውል ስለተደወለ ማስኩን ሳትመልስላት ወደ ክፍሏ በመሮጧ ነው። ወዲያው ሰልፍ ላይ ፍተሻ ሆነ፤ ቤዛ ባዶ ፊቷን ተገኘች።

ማታ ብቻችንን ስንሆን "አይቻለሁ" አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። "እንዳትናገሪ! ከተናገርሽ ቆርቆሮውን በምስማር ይመቱታል። ከዚያ እነ ረድኤት በየት ይገባሉ?"

"በሽታውስ? የሰው ማስክ ማድረግ እንደማይቻል እማዬ ስንቴ ነግራሻለች?"

"አውቃለሁ" አለች። "ታዲያ ትመለስ?"

እንዳልናገር አስማለችኝ፤ እኔም ቃል ገባሁላት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ልጆች ማስክ ያድርጉ ወይስ አያድርጉ፣ የሌለው ልጅስ ምን ይሁን የሚለውን ወላጅ ይወስን ተባለ። እማዬ ሥራ ስላላት እኔ ሄድኩ። ዴስክ ወደ ሰንደቅ ዓላማው ሜዳ ወጥቶ፣ ተራርቀን ተቀምጠናል። ለመናገር የሚነሳ ሁሉ ማስኩን ወደ አገጩ ያወርዳል። ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል የሚመጣው ሽታ በረታ ሲል ደግሞ ሁሉም ሳይነገረው መልሶ ይሸፍናል።

"ልጅ በዚህ ነገር ታፍኖ እንዴት ይማራል?" አለች አንዲት እናት። "ልጆቼን ጌታ ይጠብቃቸዋል!"

"ጌታ እኮ ነው ማስኩንም የሰጠን፣ እህቴ" አሉ አንድ አዛውንት፤ ሁሉም ሳቀ።

አየር ጤና ጋራዥ ያለው ጋሽ ታደለ ተነሳ። "ወሬ አናብዛ። የሌለው ይመለስ፣ አለቀ! የኔ ልጅ ተጠንቅቆ እየመጣ፣ ከቆሼ አካባቢ የሚመጣው ልጅ ምን ይዞ እንደሚገባ በምን አውቃለሁ?"

ከእሱ አፍ የሰማሁት የራሴን ግጥም ነበር።

ዳይሬክተሩ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የአምስት ልጆችን ስም አነበቡ። ግቢ ከገቡ በኋላ ያለ ማስክ የተገኙ ናቸው፤ አንዷ ቤዛ ናት። ወላጆቻቸው ወጥተው እንዲፈርሙ ተጠሩ። ወረቀቱ "ልጄ ደንብ ጥሶ የተገኘ መሆኑን አምናለሁ፤ ዳግም ቢገኝ ለአንድ ሳምንት ከትምህርት እንዲታገድ እስማማለሁ" ይላል። ይኼንንም ያባዛሁት እኔ ነኝ።

አራቱ ፈረሙ። እኔ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት።

"አልፈርምም።"

"ምክንያትሽን ተናገሪያ" አሉ ዳይሬክተሩ።

"ምክንያቱን አልናገርም። አልፈርምምም። እህቴ ደንብ ጥሳ ሳይሆን ከእኛ ሁሉ የተሻለ ነገር ስትሠራ ነው የተገኘችው።"

ጋሽ ታደለ ከተቀመጠበት "ይኸው! ወላጅ ይምጣ ሲባል ልጅ ልጅን ይወክላል!" አለ። ሳቅ ሆነ። ጆሮዬ ጋለ። ቃል የገባሁትን ማፍረስ አልችልም፤ የራሴን ነገር መናገር ግን እችላለሁ። ዴስኩ ላይ ቆምኩ።

"በሩ ላይ የተለጠፈውን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ዳይሬክተሩ የጻፉት 'በተቻለ መጠን' የሚል ነበር። ለዜማው ብዬ 'ይመለስ' ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አልተሰበሰበበትም፣ ማንም ድምፅ አልሰጠበትም። ጋሽ ታደለ፣ እርስዎ ሕግ ብለው የያዙት አንድ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ የገጠምኩትን ነው። ማስክ ይደረግ፣ እኔም እላለሁ። ግን ልጅ ከበር አይመለስም። ዛሬ የበሩ ወረቀት ካልተነሳ ሰኞ እህቴን ባዶ ፊቷን ይዣት እመጣለሁ። እኔንም አብራችሁ መልሱኝ።"

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። ማንም የሚስቅ አልነበረም፤ የሚያጨበጭብም አልነበረም።

ከመጨረሻው ረድፍ ፊቷን በሻሽ የሸፈነች አንዲት ሴት ተነሳች። ስሟን ኋላ ነው ያወቅኩት፤ እትዬ ዘነቡ ትባላለች። ከኪሷ አንዲት የታጠፈች ማስክ አውጥታ ከፍ አደረገች። ቀዩ ክር ከሩቅ ታየኝ።

"ይቺን ልጄ ኪስ ውስጥ ነው ያገኘኋት" አለች። "ሰርቀሽ ነው ብዬ ገረፍኳት። ኋላ ስታለቅስ ነገረችኝ። የዚች ልጅ እህት እየሰጠቻት ነው ስትገባ የከረመችው። እኔ አላወቅኩም። አጥቤ ተኩሼ ይዤ መጥቻለሁ።"

ከዚያ ወደ ጋሽ ታደለ ዞረች። እሷ ለመናገር ሻሿን አላወረደችም።

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ ቆሼ ስሠራ ሰባት ዓመቴ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ነው የምውለው፤ እናንተ ትናንት ነው የጀመራችሁት። ስለ መሸፈን ለእኔ አትንገሩኝ። ልጄ ማስክ ታድርግ፣ ደስ ይለኛል። ግን አንዴ ተመልሳ ቤት ከቀረች እኔን ተከትላ ነው ቆሼ የምትውለው። እሱን ነው የምትወስኑት። እጃችሁን ስታነሱ ይኼን እያወቃችሁ አንሱ።"

ተቀመጠች። ከፈረሙት አራቱ አንዱ፣ አንድ ሽማግሌ አባት፣ "የኔም የልጅ ልጅ ማስኩን ለጓደኛው ሰጥቶ ይሆናላ?" ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙ። ወረቀቱን ለማየት ተመልሰው ሄዱ፤ ግን አንዴ ፈርመዋል።

እጅ ተነሳ። ማስክ ይደረግ የሚለው በብዙ ድምፅ አለፈ። የሌለው ይመለስ የሚለው ለጥቂት ወደቀ። ጋሽ ወልዴ ጋ አንድ ካርቶን እንዲቀመጥ፣ የሚችል ወላጅ ንጹሕ ማስክ እንዲያስቀምጥ፣ የሌለው ልጅ ከዚያ አድርጎ እንዲገባ ተስማማን። ጋሽ ታደለ እጁን አላነሳም። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "ገጣሚዋ!" ይለኛል፤ ምርቃት እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከስብሰባው ስወጣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቀደድኩት።

"ኧረ አንቺ ልጅ! ማን ፈቀደልሽ?" አሉ ጋሽ ወልዴ።

"የጻፈችው" አልኳቸው።

ወረቀቱን ቀደድኩ እንጂ ከልጆቹ አፍ መቅደድ አልቻልኩም። ለወራት ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ፣ ኳስ ሲራገጡ "የሌለው ይመለስ" ሲሉ እሰማ ነበር። ካርቶኑም አንዳንድ ቀን ባዶ ይሆን ነበር። ያን ቀን ጋሽ ወልዴ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያሉ። እማዬ ግን ማስኳ የት እንደዞረች ስትሰማ ቤዛን ተቆጣቻት፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ስድስት ማስክ ሰፋች። በሁሉም ላይ ቀይ ክር ልታደርግ ጀመረችና ተወችው።

ቤዛ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ስትዛወር መሸኛዋን ልወስድላት ሄድኩ። አብራት የምትዛወረው ረድኤት በር ላይ እየጠበቀቻት ነበር። ማስክ የሚያደርግ ሰው የለም፤ የተላቀቀው ቆርቆሮ ያለበት አጥር በብሎኬት ተሠርቷል። ዳይሬክተሩም ሌላ ናቸው። ጸሐፊዋ የቤዛን ፋይል ስታገላብጥ አንድ ወረቀት ላይ ቆመች። አወቅኩት። የፊርማው መስመር ነጭ እንደሆነ ነው።

"እዚህ ጋ ሳትፈርሚ ቀርተሻል" አለችና እስክሪብቶ ዘረጋችልኝ።

"አውቃለሁ" አልኳትና እስክሪብቶውን መለስኩላት።