የአቀስታው እርቅ

ይህ ጉዞ አንድ የቅዳሜ ገበያና ደሴ የምሄድበትን ዕድል አስከፍሎኛል። መካነ ሰላም ላይ ጨው፣ ሳሙናና የላስቲክ ጫማ እሸጣለሁ። በገበያ ቀን ሱቁን የሚዘጋ ነጋዴ ወይ ሐዘንተኛ ነው ወይ እብድ። እኔ የዘጋሁት አቀስታ ለቼዝ ውድድር ልሄድ ነው። ደሴ ለሚደረገው ትልቁ ውድድር የሚያልፈው አንደኛ የወጣው ብቻ ነው።

ንጋት፣ መናኸሪያ

ረዳቱ አራት መቶ ሃምሳ ብር አለኝ።

«ለሰው ነው ለኩንታል?»

«ኩንታልማ አይጨቃጨቅም፤ በርካሽ እንጭነዋለን።»

በአራት መቶ ተሳፈርኩ። በዕድሜዬ መጀመሪያ የተጠራልኝን ዋጋ ተቀብዬ አላውቅም። ይህቺን ያዙልኝ።

ደጋው ላይ ጉም ወርዶ ገብሱም መንገዱም አልታይ አለ። አቀስታ ስወርድ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። የሃያ ብር ሻይ አዘዝኩ፤ ከሻዩ ብርጭቆው ይሻላል፣ እጅ ያሞቃል።

ከሰዓት፣ የመጨረሻው ዙር

ጋሽ ይመር ደረሱኝ። ግማሹን ወረዳ ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የቼዝ ችሎታ የሚለካበት ነጥባቸው፣ ሬቲንጋቸው፣ ሁለት ሺህ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ የእኔ አንድ ሺህ አምስት መቶ እንኳ አልደረሰም። በውድድሩ ግማሽ ነጥብ ይመሩኛል፤ አቻ ለየአንዳንዳችን ግማሽ ነጥብ ነው፤ ለእሳቸው ይበቃል፣ እኔ ግን የግድ ማሸነፍ አለብኝ።

ሁለት ሰዓት ያህል ታገልን። ፈረሳቸውን በላሁ። ወታደሬ ንግሥት ለመሆን ሁለት እርምጃ ቀረው። ተመልካቹ አንገቱን አሰገገ። ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ ይብቃን። አቻ ብለን በእርቅ እንለያይ።»

እኛ አገር ትልቅ ሰው ለእርቅ የዘረጋው እጅ አየር ላይ አይቀርም። ብድግ ብዬ በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው። ጎንበስም ብያለሁ። ዳኛው አቻ ብሎ ጻፈ።

በር ላይ ጠበቁኝ።

«አሸንፈኸኝ ነበር እኮ። አላየኸውም?»

«አይቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«እጅዎን እንዴት አድርጌ ልመልስ?»

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «እኔማ ነጋዴ ነው ሲሉኝ፣ ይከራከረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።»

እሁድ፣ መመለሻ

የተሳፈርኩት ያው ረዳት ጋ ነው።

«እህሳ፣ ቀናህ?»

«ከአንድ ትልቅ ተጫዋች ጋር አቻ ወጣሁ።»

«ማሻ አላህ! ቀላል ነገር መሰለህ?»

መካነ ሰላምም እንዲሁ እንኳን ደስ አለህ እያለ ተቀበለኝ። ከጉዞው የተማርኩት፣ ለጨው የምከራከረውን ያህል ለራሴ እንደማልከራከር ነው። ያ እጅ ነገ ቢዘረጋም ብድግ የምል ይመስለኛል፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

የወጣው፣ አንድ ገበያና ደሴ። የገባው፣ ግማሽ ነጥብ።