አሥራ ስምንት ሳንቲም

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው፤ ከትልቁ ድርቅ በኋላ ዝናቡ ተመልሶ ማሽላው ደህና በያዘበት ዓመት፣ መርሳ ከተማ ውስጥ። ዛሬ ጡረተኛ ነኝ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይቺን ግን ምግብ ቤት ገብቼ ሂሳብ በቀረበልኝ ቁጥር አስታውሳታለሁ። በኔ የተነሳ አንዲት የልጆች እናት ከሥራዋ ከመባረር ለጥቂት ነው የተረፈችው። ጥፋቴ ደግሞ ለአስተናጋጅ ጉርሻ መስጠቴ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሲሪንቃ አጠገብ አንድ የእርሻ መሞከሪያ ቦታ ላይ መዝጋቢ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ በአጭሩ ፐርሰንት ነው። ጠዋት ደብተሬን ይዤ ማሽላው ውስጥ እገባና ስንት በመቶው በቀለ፣ ስንት በመቶውን ወፍ በላው እያልኩ በዓይኔ ገምቼ እጽፋለሁ። ዓይኔ ከመልመዱ የተነሳ የሰው ሽበት ሳይ እንኳ አሥራ አምስት በመቶ፣ ሃያ በመቶ እያልኩ በሆዴ እገምት ነበር። አለቃዬ ከግንባሩ ወዲያ ፀጉር አልነበረውም። የሱን ቁጥር ለማንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ የምንሠራው ግማሽ ቀን ስለሆነ፣ የሚያልፍ መኪና ለምኜ መርሳ እወርዳለሁ። ሳሙናዬን፣ የባትሪ ድንጋዬን ገዛዝቼ እትዬ ዘሃራ ምግብ ቤት፣ የሳምንቱን ቁጥር ደብተሬ ላይ እያስተካከልኩ፣ ምሳዬን እበላለሁ። ሁልጊዜ የማዝዘው አንድ ነው፤ ቅቅል፣ ከላዩ ሻይ። ሂሳቡም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ብር ከሰማንያ።

አሁን ወደ ጉርሻው ልምጣ። ለአጭር ሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ በነበረ ጊዜ፣ ትልቅ ሆቴል አስተናጋጅ የሆነ የአክስቴ ልጅ፣ ጨዋ ሰው የሚተወው አሥር በመቶ ነው ብሎ መክሮኛል። አሥር በመቶ ለኔ ምኔ ነው? ብር ከሰማንያ ማለት መቶ ሰማንያ ሳንቲም ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን ዜሮ ስትጥላት አሥራ ስምንት። ምግቡ ከዘገየብኝ የአሥራ ስምንት ግማሽ፣ ዘጠኝ፤ ይሄ አምስት በመቶ ነው። በጣም ደስ ካለኝ ሁለቱን ደምሬ ሃያ ሰባት፣ አሥራ አምስት በመቶ ማለት ነው። እውነቱን ልናገርና እዚህ ደረጃ ደርሼ አላውቅም።

ወረቀት አልነካም። ጣሪያውን አየት አድርጌ፣ ከንፈሬን ትንሽ አንቀሳቅሼ እጨርሳለሁ። በዚህ ችሎታዬ ደግሞ እንዴት እንደምኮራ! ግን ዓይን አፋር ስለነበርኩ ሰው ፊት መስጠቱ ያሳፍረኛል። ስለዚህ አንድ አሥር፣ አንድ አምስትና ሦስት ባለ አንድ ሳንቲሞች ደራርቤ ከሳህኑ ሥር አስቀምጥና ውልቅ እላለሁ። ባለ አንድ ሳንቲሞቹን ለዚሁ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ አጠራቅማቸው ነበር።

መርሳ ላይ ያኔ ጉርሻ የሚሰጥ ሰው ብዙ አልነበረም። የሚሰጥም ቢኖር “መልሱን ያዢው” ብሎ በግልጽ ሰጥቶ ነው የሚወጣው። ይሄን አላስተዋልኩም።

አስተናጋጇ ሐዋ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ግራና ከምትባል የጎረቤት መንደር የመጣች የገበሬ ልጅ፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ እግሯ የማያርፍ ሴት። ሾፌሮቹን አንተ እያለች ስትቀልድባቸው ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔን ግን አንቱ ነው የምትለኝ። እኔ ስገባ ሳቋም ይቆማል። ያንን ሁሉ አክብሮት ያመጣልኝ ጉርሻዬ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ሁለት ቀን ምግቡ ዘግይቶ ዘጠኝ ዘጠኝ ሳንቲም ባስቀምጥ ጊዜማ፣ ከዚያ ወዲያ ቅቅሉ ገና ወንበር ሳልስብ ይደርስልኝ ጀመር። ይኸው ሠራ፣ አልኩ ለራሴ።

እንዲህ እያልን ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ጥር ማለቂያ ዘለቅን።

የካቲት በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ስደርስ እትዬ ዘሃራ ራሳቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከባንኮኒያቸው ተነስተው የማያውቁ ሴት ናቸው። “ጓድ፣ እንኳን ደህና መጡ” አሉኝ። ጓድ ተብዬ አላውቅም፤ ዞሬ ከኋላዬ ሰው መኖሩን አየሁ። ማንም የለም። ጥግ ያለው፣ የጠረጴዛ ልብስ የለበሰው ቦታ ላይ አስቀመጡኝ። ቅቅሉ መጣ፤ ሳላዝዝ ጥብስ ተከተለው፤ ሻዩ በሁለት ብርጭቆ ሆነ። ልጅነት ነዋ፣ ይገባኛል ብዬ ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ሂሳብ ስል ሐዋ መሬት መሬት እያየች ብር ከሃያ አለችኝ።

ጣሪያውን አየሁ። ብር ከሃያ፣ አሥረኛው አሥራ ሁለት። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሂሳቡ ከተሳሳተ ጉርሻውም ይሳሳታል፤ የሰው ሐቅ ልበላ ነው። ስለዚህ በቅን ልቡና፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ “ባለፈው ሳምንት ብር ከሰማንያ ነበር፤ ዛሬ ለምን ብር ከሃያ ሆነ?” ብዬ ጠየቅኩ።

የእትዬ ዘሃራ ፊት አመድ መሰለ። ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ሄደ፤ የኔም ተከተለ። እዚያ ዝንብ ያጠቆረው አንድ ወረቀት ተለጥፏል። አምስት ወር ሙሉ ፊቱ ተቀምጬ ልብ ብዬው አላውቅም። ቀበሌ ያወጣው የዋጋ ዝርዝር ነው፤ ቅቅል ከነሻዩ ብር ከሃያ ይላል።

እትዬ ዘሃራ ፈጠን ብለው ወደ ሐዋ ጠቆሙ። ዋጋ የምትጨምረው እሷ ናት፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም፣ ከዛሬ ጀምሮም አሰናብቻታለሁ አሉ። ሐዋ ትሪ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ዋጋውን ማን እንደሚያወጣው ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የተነፈሰ ግን የለም። ምክንያቱም ሁሉም እኔን ነው የሚያየው። የዋጋ ተቆጣጣሪ መስያቸው እንደኖርኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሐዋ ግን ትሪውን አስቀምጣ ከጓዳው ጀርባ ወዳለችው መኖሪያ ክፍሏ ገባችና አንድ የሳልሳ ጣሳ ይዛ ተመለሰች። ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጠችው። ሳንቲሞቹ ተንከባለሉ፤ ባለ አንዶቼን ወዲያው አወቅኳቸው።

“ይቁጠሩት” አለችኝ። “ሃያ አንድ ቅዳሜ ነው፤ ሦስት ብር ከስልሳ። ወላሂ አንዷንም አልነካሁ።”

ጉርሻ ነው እኮ፣ ያንቺ ነው፣ ላንቺ ብዬ ነው የተውኩት አልኳት። አላመነችኝም። እንደዚያ እያሉ ሊያስለፈልፉኝ ነው በሚል ዓይን አየችኝና ነገሩን ታስረዳኝ ጀመር። መጀመሪያ ረስቼው የሄድኩ መስሏት ነበር። በሁለተኛው ሳምንትም እንደዚያው መሰላት። በሦስተኛው ግን ጠረጠረች።

“ሰው ሲረሳ እንዲህ አይረሳም” አለች። “የበላውን አሥረኛ፣ ልክ አሥረኛውን፣ በየሳምንቱ የሚረሳ ሰው አለ? አባቴ በዝናብ ካረሰው ከአሥሩ ቁና አንዱን፣ በመስኖ ካጠጣው ከሃያው አንዱን ለዘካ ሲያወጣ ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ ደግሞ እንደ መስኖው አደረጉት፤ ግማሹን። ልትሰርቅ ነው ወይ ብለው እየፈተኑኝ እንደሆነ አወቅኩ፤ በዚህ ሳምንት ጭንቁ ቢበዛብኝ ለእትዬ ነገርኳቸው።”

በደብተር ያላየችውን አምስት በመቶ እንዲህ በቁና ስታወጣው ገረመኝ። ዘካን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከሥራዬ ጋር አያይዤው ግን አላውቅም። ከሁሉም ያሳፈረኝ ደግሞ ቀጥላ ያለችው ነው። ትንሹ ልጇ ሳል ይዞት ሌሊቱን ሲያጣድፈው ሽሮፕ የምትገዛበት አጥታ፣ ይቺን ጣሳ መደርደሪያ ላይ እያየቻት አድራለች። ለጨዋነቴ ምልክት ብዬ የደረደርኳት ሳንቲም ቤቷ ውስጥ እንደ ወጥመድ ተቀምጣ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሰይድ እባላለሁ፣ የእርሻ መዝጋቢ ነኝ፣ ተቆጣጣሪ አይደለሁም አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ታዲያ ያ ደብተር ምንድን ነው፣ እየበሉ የሚጽፉት ምንድን ነው አሉ እትዬ ዘሃራ። ደብተሩን ከኪሴ አውጥቼ ስዘረጋላቸው እባብ እንደሰጠኋቸው ወደ ኋላ አሉ። ሐዋ ተቀበለችኝ። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነውና በጣቷ እየተከተለች፣ ድምጿን አውጥታ አነበበች።

“ማሽላ። ወፍ የበላው፣ ሃያ በመቶ።” ገጹን ገለጠች። “ማሽላ። ወፍ የበላው፣ አሥራ አምስት በመቶ።” ሌላም ገለጠች። ያው ወፍ ነው። ወንበር ስባ ቁጭ አለችና መሳቅ ጀመረች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

“እትዬ፣ ይሄ ልጅ የወፍ ተቆጣጣሪ ነው!” አለች።

ቤቱ ፈነዳ። አንድ ሾፌር ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ደጅ ወጣ። እትዬ ዘሃራ አልሳቁም። በተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊት ጥፋታቸውን ሠራተኛቸው ላይ የለጠፉ ሴት ምን ብለው ይስቃሉ? ያቺው ሠራተኛ ደግሞ አምስት ወር ሙሉ አንድ ሳንቲም እንዳልነካች ጣሳው መስክሯል። ለጥቂት ጊዜ ባንኮኒውን ሲጠርጉ ቆዩና፣ ቀና ሳይሉ፣ “ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ፤ ሻይ የሚጠብቅ ሰው አለ” አሏት። ይቅርታ የሚባለው ነገር እዚያ ቤት ይሄው ነበር። እኔ ግን ትከሻዬ ላይ የተጫነ ማዳበሪያ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ።

ሳንቲሞቹን ሰብስቤ ወደ ሐዋ ገፋሁላት። እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፤ ወደ ጣሳው መለሰቻቸው። ከመጨረሻዎቹ ላይ አራት ባለ አሥር ሳንቲሞች አስቀረች። ጣሪያውን አላየችም፣ ከንፈሯም አልተንቀሳቀሰም። እጄን ያዘችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

“እንካ ሰይድ፣ ያንተ ነው” አለችኝ። አንቱታው ቀርቷል። “አሥረኛው ሠላሳ ስድስት ነው፤ አርባ አድርጌዋለሁ። ለሰው ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ እጅ ላይ፣ ዓይን እያዩ፣ ሞላ አድርጎ። አሥራ ስምንት ሳንቲም ቆጥሮ የሚያስቀምጥ መንግሥት ብቻ ነው።”

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ ጥብሱ ቀርቷል፤ ሂሳቡም ወደ ብር ከሰማንያው ተመልሷል። ሐዋ ከሩቅ እንዳየችኝ፣ “ወፎቹ ደህና ናቸው?” ብላ ቤቱን አሳቀችብኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተሳቀብኝ ቀን የለም። ሃያ ሳንቲም እጇ ላይ አስቀመጥኩ። የሰጠችኝን አርባ ሳንቲም ግን አላጠፋሁትም፤ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ዛሬም አሥረኛውን በጭንቅላቴ አወጣለሁ፤ ከዚያ ወደ ላይ ሞላ አደርገዋለሁ። ብሩን አስተናጋጇ እጅ ላይ አስቀምጬ፣ ዓይኗን እያየሁ፣ ጮክ ብዬ “ያንቺ ነው!” እላለሁ። ልጄ አብራኝ ስትሆን በኀፍረት አንገቷን ትደፋለች፤ አባባ ሰው ሁሉ እኮ ዞሮ እያየን ነው ትለኛለች። ይየን።