የደልበርት እህት

ኦርፋ ክሪንሾ በሃርሎ ፌሪ ስልክ ቤት ማዞሪያ ላይ እንደተቀመጠች ጸጉሯ ሸበተ። የከተማው ሰው ሁሉ ድምፅዋን ያውቃል። የደራሲውን የሳይላስ ዋረንደርን አገር ለማየት የሚመጣ እንግዳ ግን የሚያውቃት በሌላ ነው፤ በትልቁ ልቦለዱ ውስጥ የታናሽ ወንድሟን እጅ ለቃ ወንዝ ያስበላችው ልጅ እሷ ናት ይባላል።

የሆነው እንዲህ አይደለም። ወንድሟ ደልበርት የሰመጠ ቀን ኦርፋ ኩፍኝ ይዟት አልጋ ላይ ነበረች። ከጀልባ ሲወርዱ የልጁ እጅ ያመለጣት እናቱ ሮዊና ናት። ዋረንደር ጎረቤታቸው ስለነበር ለቅሶውን ከአጥር ማዶ ሰምቶታል። መጽሐፉ ሲወጣ ሮዊና በሩ ድረስ ሄዳ ጮኸችበት።

«በእናት ላይ ልጽፈው አልጨከንኩም» አላት።

በልጅቷ ላይ ግን ጨከነ።

ደራሲው ሞተ፤ ከተማው በስሙ ማደር ጀመረ። ሆቴሉ ዋረንደር፣ ጸጉር ቤቱ ዋረንደር ሆነ። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ተማሪዎች የመጽሐፉን መጨረሻ ወንዝ ዳር ይጫወቱታል፤ ለእናትና ልጅም የፊት ወንበር ይያዝላቸዋል። ተዋናይዋ የልጁን እጅ ስትለቅ ሮዊና ብድግ ትላለች።

«ውሸት ነው! የለቀቅሁት እኔ ነኝ! እሷ ኩፍኝ ይዟት ተኝታለች!»

እንግዶቹ የተውኔቱ ክፍል መስሏቸው ያጨበጭባሉ። አገሬው ይስቃል። «ሮዊና ካልጮኸች ቲያትሩ አላለቀም» ይላል ጸጉር አስተካካዩ በርል። በማግስቱም ይደውላል፦ «ኦርፋ፣ መስመር ስጪኝ። አደራሽን፣ እንዳትለቂኝ!»

«ብለቅህስ ማን ያለቅስልሃል?» ትለዋለች፤ ራሷም ትስቃለች። ምን ቸገራት? በዓመት አንድ ቀን እናቷ ቆማ ትመሰክርላታለች። እውነቱን የሚያውቅ ሌላ ሰው በሕይወት አልቀረም፤ ያ አንድ ሰው ይበቃታል።

ኋላ ሮዊና መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ የጣደችውን ድስት ረሳች፤ ቀጥሎ የባሏን ሞት። ስለ ደልበርት ስትጠየቅ ከአፏ የሚወጣው የመጽሐፉ ቃል ሆነ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሟገተው በቃሏ ይዛው ኖሯል።

«ዘንድሮ ቢቀርባት ይሻላል» አለ ሐኪሙ። ኦርፋ ግን ይዛት ሄደች። ወንዙን ስታይ ትዝ ይላታል፣ ትነሳለች ብላ።

ተዋናይዋ እጁን ለቀቀች። ሕዝቡ ወደ ፊት ወንበሮቹ እያየ ጠበቀ። ሮዊና አልተነሳችም። ወደ ልጇ ዞረች።

«ኦርፋዬ፣ ለምን ለቀቅሽው?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ...»

የእናቷ ዓይን ልጁ ገና ዛሬ የሞተባት ሴት ዓይን ነበር። እውነቱን ብትነግራት፣ ጥፋቱ የራሷ መሆኑንም ገና ዛሬ ነው የምትሰማው።

«አመለጠኝ፣ እማዬ። ይቅር በይኝ።»

ሮዊና ትክ ብላ አየቻት።

«ልጄ እኮ ነበር» አለች። ከኦርፋ መዳፍ ውስጥም እጇን ቀስ ብላ አወጣች።

ከዚያ ወዲህ ኦርፋ ስታጎርሳት ሮዊና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። ኅዳር ላይ የሞተችው የአስታማሚዋን እጅ ይዛ ነው፤ ኦርፋ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ነበር።